ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ጆሮ የሚጎረብጥ እንግሊዝኛ፦ ችግሩና መፍትሄው

ምልክት፦ ጊዜውን፣ ቁጥሩንና የቃላት ቅደም ተከተሉን የማያዛንፍ ሰው የጻፈው እንግሊዝኛ፣ ማረሚያው ፕሮግራም አንድም ቀይ መስመር ሳያሰምርበት፣ ለቋንቋው ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል። መልእክቱ ይገባል፤ ነገር ግን ማንም እንደዚያ አይልም።

መንስኤ፦ የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ጥፋት ስሙ ላይ ሳይሆን ከስሙ ጋር የሚሄደው ግስ ላይ ነው። በአማርኛ ሕልም ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ትኩረት ይሰጣል፣ ስልክ ይዘጋል። ጸሐፊው እነዚህን ግሶች አንድ በአንድ ሲመልስ «ሶው ኤ ድሪም» እና «ክሎዝድ ዘ ፎን» ይወጣሉ፤ እንግሊዝኛው ግን «ሃድ ኤ ድሪም» እና «ሃንግ አፕ» ይላል። ትኩረትም «ፔይ» ከሚለው ግስ ጋር መሄዱ የተለመደ ነው። ጥምረቱ የልማድ ጉዳይ ስለሆነ በማሰላሰል አይደረስበትም፤ ኃይለኛ ዝናብ «ሄቪ»፣ ኃይለኛ ነፋስ ደግሞ «ስትሮንግ» የተባለው ተናጋሪዎቹ ስለለመዱት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው «ሜክ» እና «ዱ» ናቸው፤ ምክንያቱም አማርኛው ጥናትንም፣ ጥረትንም፣ ንግግርንም በ«አደረገ» ያስተናግዳል። አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ «ሜክ ሪሰርች» እያለ ጽፎ «ዱ» መሆን እንዳለበት ሲነገረው፣ በኮምፒውተሩ ፈልጎ የመተካት ትእዛዝ «ሜክ»ን በሙሉ በ«ዱ» ለወጠው። ጥናቱ ተስተካከለ፤ ደህና የነበሩት «ሜክ አን ኤፈርት» እና «ሜክ ኤ ሰጀስሽን» ግን አብረው ተበላሹ፣ ገጽ በገጽም እንደገና መታረም ነበረባቸው። ግስን በጅምላ አይተኩ፤ እያንዳንዱ ስም የራሱን ግስ ይመርጣልና።

መፍትሄ፦ ማስታወሻዎን በስም ያደራጁ። «ሚስቴክ» የሚለውን ለብቻው ከመጻፍ «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ብለው ከነግሱ ይመዝግቡ፣ ከሥሩም ራስዎ በእርግጥ የሚናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስከትሉ። ሲጠራጠሩ የጥምረት መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ ስሙን ሲፈልጉ ከእሱ ጋር የሚሄዱትን ግሶችና ቅጽሎች ዘርዝሮ ያሳያል። ከዚያ የበለጠ ማስረጃ ከፈለጉ 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት የተሰበሰቡበት የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ (ሰዎች በእርግጥ የጻፉትና የተናገሩት እንግሊዝኛ ስብስብ) አለ። እዚያ ስሙን አስገብተው ከፊቱ የሚመጣውን ግስ ይመልከቱ። ሁለት መልስ ሊያገኙም ይችላሉ፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» በሁሉም ዘንድ ሲሠራ «ቴክ ኤ ዲሲዥን» በይበልጥ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ይታያል። በተራ የኢንተርኔት ፍለጋ የሚወጣውን የውጤት ብዛት ግን እንደ ማስረጃ አይውሰዱ፤ የተሳሳተ ጥምረትም በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ይገኛል።

አንድን ቃል ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር ብቻ አጣምረው በመቶዎች የሚያስሸመድዱ ዝርዝሮችና መተግበሪያዎች ለዚህ ጥፋት ዋነኛ ምንጭ ናቸው፤ ተማሪው ቃሉን ያውቃል፣ ሊጠቀምበት ግን አይችልም። ጽሑፍን ለማሳመር ከተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ከባድ የሚመስለውን መርጦ መተካትም እንዲሁ ነው፤ «ቢግ» እና «ላርጅ» በፍቺ ቢቀራረቡም ከ«ሚስቴክ» ጋር የሚሄደው «ቢግ» ነው።

ጥፋቱ አልፎ አልፎ ከመስተዋድድ ይመጣል፤ «ዲስከስ» ከኋላው «አባውት» አያስከትልም፣ «ዲፔንድ» ደግሞ «ኦን»ን ይፈልጋል።