በኦፕንለርን በነጻ እንዴት እንማር?

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የከፈተው ኦፕንለርን የተባለ የመማሪያ ድረ ገጽ ቋንቋን፣ ተፈጥሮን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ማኅበረሰብን የሚመለከቱ ኮርሶችን ያለ ክፍያ ያቀርባል። ኮርስ ሲመረጥ ርዕሱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ በመግቢያው ገጽ ላይ የሚወስደው ሰዓትና ደረጃው ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማስተማሪያ ቋንቋውም በአብዛኛው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ከጀማሪው ደረጃ መነሳት ይሻላል። ለማንበብ ብቻ ምዝገባ አያስፈልግም፤ የተሳትፎ ማረጋገጫ የሚፈልግ ግን በኢሜይሉ አካውንት ከፍቶ በኮርሱ መመዝገብ አለበት።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ወይም የዳታ ወጪ ለሚከብደው ተማሪ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ ብዙዎቹ ኮርሶች በፒዲኤፍ፣ በወርድ ወይም በኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ወርደው ስልክ ላይ መቀመጥ መቻላቸው ነው፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዶ ማታ ቤት ውስጥ በእርጋታ ማንበብ ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከወረደው ፋይል የተነበበው ገጽ በድረ ገጹ ላይ እንደተጠናቀቀ ስለማይመዘገብ፣ ማረጋገጫ ፈላጊው ኔትወርክ ሲያገኝ በአካውንቱ ገብቶ ገጾቹን አንድ በአንድ መክፈት ይኖርበታል። ማረጋገጫው የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ስላልሆነ በሥራ ማመልከቻ ላይ እንደ ዲፕሎማ ሊቀርብ አይገባም።