ጀማሪ የፊዚክስ ተመራማሪን ለሽልማት ማቅረብ፦ ዶሴው እንዴት ይዘጋጃል?

ዶክትሬቱን ከያዘ ጥቂት ዓመት የሆነው የፊዚክስ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ራሱን ለሽልማት ማቅረብ አይችልም። ደንቡ ሌላ ሰው እንዲያቀርበው ይጠይቃል። ያ ሰው አማካሪው፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም አብሮት የሠራ ባልደረባ ይሆናል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ጥሩ ሥራ ይዞ በመጨረሻው ሳምንት በተጣደፈ እጅ የተጻፈ ዶሴ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ለአቅራቢው ነው።

ሥራውን በአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የማናውቀው ወይም መሥራት የማንችለው ነገር ምንድን ነው? መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ቅጹን ገና አትክፈቱት። ከተመራማሪው ጋር አንድ ሰዓት ቁጭ በሉና ሥራውን በነጭ ሰሌዳ ላይ ያስረዳችሁ። አማካሪው ሳይቀር እዚያ ቁጭ ሲል ነው ተማሪው በትክክል የቱን ክፍል ለብቻው እንደተወጣው የሚያውቀው።

የትኛው ሽልማት?

ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ፊዚክስ ኅብረት፣ በአጭሩ አይዩፓፕ፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎች በየዘርፉ ሽልማት ይሰጣል። በኅብረቱ ሥር ያሉት ኮሚሽኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይሸልማሉ፦ አንዱ ለቅንጣት ፊዚክስ፣ አንዱ ለኑክሌር፣ አንዱ ለኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ፣ እያለ ይቀጥላል። ሽልማቱ ሜዳይ፣ የምስክር ወረቀትና 1000 ዩሮ ነው። እጩው ከዶክትሬቱ በኋላ ያለው የምርምር ዕድሜ ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም፤ ሥራ የተቋረጠበት ጊዜ ከዚህ ይቀነሳል። የማቅረቢያው ቀን በየኮሚሽኑ ስለሚለያይ የአንዱን አይታችሁ ለሌላው አትገምቱ።

አብዱስ ሰላም በ1964 በጣሊያኗ ትሪየስቴ ያቋቋሙት የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒ፣ ከ1982 ጀምሮ የራሱ ሽልማት አለው። ይህኛው በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ወጥተው እዚያው ለሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆነ ሳይንቲስቶች የታሰበ ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህን ነው። ቦስተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ኢትዮጵያዊ ግን ሌላ መፈለግ ይኖርበታል። ለሴት ተመራማሪዎች ደግሞ መቀመጫውን ትሪየስቴ ያደረገው በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ያሉ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ከኤልሴቪየር ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠው የጀማሪ ተመራማሪዎች ሽልማት አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «የዓመቱ ምርጥ ወጣት ሳይንቲስት ሆነው ተመርጠዋል፣ የምዝገባ ክፍያ ይላኩ» የሚል ኢሜይል በየጊዜው ይመጣል። ከላይ የጠቀስናቸው ሽልማቶች ተሸላሚውን ገንዘብ አይጠይቁም። እንዲህ ያለው የተገዛ ሽልማት ሲቪ ላይ ሲታይ ዳኛው የቀረውንም ሥራ በጥርጣሬ እንዲያነብ ያደርገዋል። ተቀባዩ ሳያውቅ ከፍሎ ከሆነ ከሲቪው ላይ እንዲያወጣው ምከሩት።

ዓመቱ ላይ ስሕተት እንዳይገባ

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዶክትሬቱን ያገኘ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀው በ2018 ነው። ቅጹ ላይ 2010 ብሎ ከሞላ ሳያስበው ስምንት ዓመት ጨመረ ማለት ነው፤ የአይዩፓፕ ጣሪያም ልክ ስምንት ዓመት ነው። አንዲት ቁጥር እጩውን ገና ከበሩ ትመልሰዋለች። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምሩ። የልደት ቀንንም እንዲሁ። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ይበቃል። ዲግሪው ላይ የሰፈረው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ በሲቪው ላይ በአንድ መስመር ግለጹት።

የወሊድ ፈቃድ፣ ረጅም ሕመም፣ የታመመ ቤተሰብ ማስታመም ካለ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ ጻፉ። «ለተወሰነ ጊዜ አቋርጣለች» ብሎ ማለፍ ዳኛው ምንም እንዳይቀንስላት ያደርጋል። «14 ወር» ሲባል ግን መቁጠሪያው ወደ ኋላ 14 ወር ይሄዳል። ዝርዝር የሕክምና ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም።

ስም

ብዙ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሥራቸው የሚበተነው እዚህ ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። አንዱ ጽሑፍ በአባት ስም ካለቀ፣ ሌላው በአያት ስም ካለቀ፣ ያው ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። «ኃይሉ»ን አንዴ በላቲኑ «አይ»፣ አንዴ በ«ዋይ» የጻፈ ደግሞ አራት ሰው ሊሆን ይችላል። ዳኛው ሲፈልግ ከስድስት ጽሑፎች ሁለቱን ብቻ ያገኛል።

መፍትሔው ኦርኪድ ነው። ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ሲሆን ማውጣቱ ነፃ ነው። እጩው ሁሉንም የአጻጻፍ ዓይነቶች እዚያ ያስገባ፣ ጽሑፎቹን ይሰብስብ፣ ጉግል ስኮላር ላይ ያሉትን የተባዙ መገለጫዎችም ያዋህድ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደብዳቤውን ስትጽፉ መጀመሪያ ላይ ሙሉ ስሙን በጽሑፎቹ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ቀጥሎም «ሁለተኛው የአባቱ ስም ነው፤ በራሱ ስም እንጠራዋለን» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። አለበለዚያ በአንዱ ደብዳቤ «ዶክተር አልማዝ»፣ በሌላው «ዶክተር ተስፋዬ» የተባለችው አንዲት ሴት መሆኗን ዳኛው ላያስተውል ይችላል።

የራሱ ድርሻ የቱ ነው?

የዶሴው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ጆስሊን ቤል በርኔል በ1967 በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች በቴሌስኮፑ መዝገብ ወረቀት ላይ ያስተዋለችው ትንሽ ምልክት የመጀመሪያው ፐልሳር፣ ማለትም በየጊዜው የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ፣ ሆነ። በ1974 የኖቤል ሽልማቱ የተሰጠው ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ነበር። ለእሷ ልዩ የብሬክስሩ ሽልማት የመጣው በ2018 ነው። 3 ሚሊዮን ዶላሩንም የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች የትምህርት ዕድል እንዲሆን ሰጠችው። የተማሪው ድርሻ በጊዜው በግልጽ ካልተጻፈ ወደ አማካሪው ይፈስሳል፤ አማካሪው ቅን ሰው ቢሆንም።

ስለዚህ ከጽሑፎቹ ሦስቱን ብቻ ምረጡ። ለእያንዳንዱ ከአራት እስከ አምስት መስመር ስጡት፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ ሐሳቡን ማን አመጣው፣ ስሌቱን ወይም ልኬቱን ማን ሠራው፣ ኮዱን ማን ጻፈው፣ ውጤቱን ከዚያ ወዲህ ማን ተጠቀመበት። ክሬዲት የሚባለው የአስተዋጽኦ አከፋፈል 14 ሚናዎችን ይዘረዝራል፤ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ቢስማሙበት ኋላ ጭቅጭቅ አይኖርም። የሠሩትን ሁሉ መዘርዘር ግን ጉዳት አለው። ደካማው አሥረኛ ጽሑፍ የጠንካራውን ቦታ ይሻማል።

ልዩነቱን በቅርብ ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል ውስጥ የሚፈጠሩት የፕላዝማ አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያዋዥቃሉ። በዚህ ላይ የምትሠራ እጩ አለች እንበል። የተለመደው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እጩዋ በአዮኖስፌር ምርምር ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክታለች። ታታሪ፣ ትሑትና ታዛዥ ተመራማሪ ናት።»

ከዚህ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለም። አሁን ይህን አንብቡ፦

«ምልክቱ ለምን እንደሚዋዥቅ ይታወቃል፤ አስቸጋሪው በየትኛው ምሽት እንደሚዋዥቅ አስቀድሞ ማወቅ ነው። እጩዋ ከመሬት ላይ ማግኔቶሜትር በተገኘ ልኬት ብቻ ተነሥታ የምሽቱን ሁኔታ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የምትገምትበት ዘዴ አወጣች። ሐሳቡም ኮዱም የእሷ ነው። የሦስት ዓመቱን ዳታ ያጸዳችው ከሌላ ተማሪ ጋር ነው። የእኔ ድርሻ ጥያቄውን ማንሣትና ረቂቁን ማረም ነበር።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። አማካሪው የራሱን ድርሻ በልኩ ሲናገር ስለ እጩዋ የተናገረው ሁሉ ይታመናል።

በትልልቅ ኮላቦሬሽኖች ውስጥ ለሚሠሩ ነገሩ ይከብዳል። በሰርን ያሉት የቅንጣት ፊዚክስ ሙከራዎች አትላስና ሲኤምኤስ በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ግዝፈት በጋራ ያወጡበት ጽሑፍ 5154 ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። ስሙ በፊደል ተራ ስለሚቀመጥ «ጸሐፊ ነው» ማለት ምንም አይናገርም። እዚህ የሚያገለግለው ሌላ ማስረጃ ነው፦ የውስጥ ማስታወሻዎች ላይ ያለው ስም፣ የትንተና ቡድን አስተባባሪነት፣ በኮላቦሬሽኑ ስም በኮንፈረንስ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ዲቴክተሩን በማስተካከል የወሰደው የሥራ ድርሻ። የውስጥ ማስታወሻ ለውጭ ሰው ስለማይታይ የቡድኑ መሪ በደብዳቤው እንዲመሰክር አድርጉ።

ቁጥር

ኤች ኢንዴክስን ፊዚክሰኛው ሆርሄ ሂርሽ ያቀረበው በ2005 ነው፤ ቢያንስ ኤች ጊዜ የተጠቀሱ ኤች ጽሑፎችን ይቆጥራል። አምስት ጽሑፍ ያለው ሰው፣ አንዱ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለትም፣ ኤች ኢንዴክሱ ከ5 አያልፍም። ለጀማሪ ተመራማሪ ይህ ቁጥር ከንቱ ስለሆነ ደንቡ ካልጠየቀ አታስገቡት። የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ኢምፓክት ፋክተርንም እንዲሁ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ዶራ የተባለው መግለጫ የግለሰብን ሥራ በጆርናል ቁጥር መመዘንን ይቃወማል፤ የፈረሙ ተቋማት ዳኞችም ቁጥሩን ሲያዩ ይከፋቸዋል።

የጥቅስ ቁጥር ካስገባችሁ ከየት፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ ጻፉ፤ ራሱን የጠቀሰበትን ቀንሱ። ከቁጥሩ ይልቅ «ብራዚል ያለ ቡድን ዘዴውን በራሱ ጣቢያዎች ዳታ ላይ ሞክሮታል» የምትል እውነተኛ መስመር፣ ካለች፣ የበለጠ ትመዝናለች።

የድጋፍ ደብዳቤዎች

ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይጠየቃሉ። አንዱ የአማካሪው ይሁን። ቢያንስ አንዱ ከእጩው ጋር ጽሑፍ አውጥቶ የማያውቅ፣ ሥራውን አንብቦ ወይም ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው ይሁን። የታወቀ ስም ፍለጋ እጩውን የማያውቅ ፕሮፌሰር መለመን አይጠቅምም። የተፈረመው ግማሽ ገጽ ራሱን ያጋልጣል።

አገራችን ውስጥ ፈራሚው «ጻፍና አምጣ፣ እፈርማለሁ» የሚልበት ልማድ አለ። ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ እጅ ሲጻፍ ቃላቱ፣ አንዳንዴም የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር ይመሳሰላል፤ ዳኛው ሦስቱን በተከታታይ ስለሚያነብ ወዲያው ይገባዋል። ጸሐፊው ጊዜ ከሌለው ደብዳቤውን ከመጻፍ ይልቅ ነጥቦችን ስጡት፦ የሽልማቱ መስፈርት፣ ሲቪ፣ ሦስቱ ጽሑፎች፣ አንድ ገጽ ማጠቃለያ። እሱ በተለይ ሊመሰክርበት የሚችለውን አንድ ጉዳይም ለይታችሁ ንገሩት። ስድስት ሳምንት ስጡት፤ ሁለት ሳምንት ሲቀር አስታውሱት።

ጠባይን ማመስገን እኛ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው፤ ክፋትም የለበትም። ግን ደብዳቤው በአብዛኛው ስለ ትሕትናና ታዛዥነት ከሆነ ዳኛው «ስለ ፊዚክሱ የሚባል ነገር አልተገኘም» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህ በሴት እጩዎች ደብዳቤ ላይ በተለይ ይደጋገማል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሰው የሚወደድባቸውን ቃላት አስምሩባቸው፤ ከሁለት ከበለጡ ቀንሱና በምትካቸው አንድ ውጤት አስገቡ።

መላክ

ከውጭ የሚመጣ ሰዓት ያሳስታል። ትሪየስቴ በክረምቷ «23፡59» ስትል ለእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው፤ ሰዓቷን በምትቀይርበት በጋዋ ደግሞ 6፡59። ኢንተርኔትና መብራት ስለማይታመኑ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ሁሉንም ፒዲኤፍ አድርጉ፣ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት ጻፉ። የደረሰበትን ማረጋገጫ ኢሜይል ለእጩውም አስተላልፉለት።

ካሸነፈ ዜናው ላይ የሽልማቱን ትክክለኛ ስም፣ የሰጠውን አካል፣ ዓመቱንና የተሸለመበትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። «የዓለም ቁጥር አንድ ፊዚክሰኛ» የሚል ርዕስ ሰውየውን ባልደረቦቹ ፊት ያሸማቅቀዋል። ትምህርት ክፍሉ 45 ደቂቃ ሴሚናር ያዘጋጅለት፤ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችም ይጠሩ። የዳታውን ሥራ አብራ የሠራችውን ተማሪ ስም ዜናው ውስጥ አትዝለሉት።

ካላሸነፈ ዶሴውን አትጣሉት። የስምንት ዓመቱ ጣሪያ ምን ያህል እንደቀረው አስሉ፣ አዲሱን ጽሑፍ ጨምሩ፣ ከሦስቱ ደካማውን አውጡ። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹንም ቀኑን ብቻ ከመቀየር ይልቅ ባለፈው ዓመት የተጨመረውን አንድ ነገር እንዲጽፉ ጠይቋቸው።