ማንኮራፋትዎ ልብዎን እየጎዳ እንደሆነ እንዴት ያጣራሉ?

ዕድሜዎ ገና 30 አልሞላም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ያድራሉ፤ ጠዋት ግን ድክም ብሎዎት ይነሳሉ። ብዙ ወጣት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እባክዎ እንዲህ ያለውን ድካም ቀለል አድርገው አይዩት።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንድ ሰው ላይ የአየር መተላለፊያው ጭራሽ ይዘጋና ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቋረጣል። ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎልም ደንግጦ ሰውነትን ይቀሰቅሳል። በዚያች ቅጽበት የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ይህ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ሲከፋ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ሌሊት ማረፍ የነበረበት ልብ ሲለፋ ያድራል ማለት ነው። እንዲህ ዓመታት ካለፉ ግፊቱ ቀንም አልወርድ ሊል፣ የልብ ምት ሊዛባ፣ ስትሮክም ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ሌሊቱን ይቅዱ። ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ራስጌ ያስቀምጡት። አብሮዎት የሚያድር ሰው ካለም ይጠይቁት። ዋናው ነገር የማንኮራፋቱ ጩኸት አይደለም። ድንገት ጸጥ ብሎ ቆይቶ፣ እንደታፈነ ሰው በኃይል መተንፈስ ካለ ምልክቱ እሱ ነው።

ቀኑንም ይታዘቡ። የጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ ቁጭ ባሉበት ማንጎላጀት። መሪ ይዘው እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ሐኪም እስኪያይዎት ድረስ አይንዱ።

ከዚያ ግፊትዎን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከመለካትዎ በፊት 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ይረፉ። ቁጥሩን በሙሉ ይጻፉት። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ከፍ ብሏል። በወጣትነት ግፊት ሲገኝ ደግሞ መንስኤው መፈለግ አለበት።

ቅጂውንና ቁጥሮቹን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ቀጭን ነኝ ብለው አይዘናጉ። ውፍረት ዋና አጋላጭ ቢሆንም፣ ትልቅ ቶንሲል ወይም ወደ ኋላ የገባ መንጋጋ ያለው ቀጭን ሰውም ይያዛል።

በሽታው ከተገኘ ሲፓፕ የሚባል፣ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ሊታዘዝልዎ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። ማስኩ ካልተመቸዎት ያስቀይሩት እንጂ አይተዉት። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም መሣሪያውን ስላገኙ ብቻ በራስዎ አያቁሙ።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ በጎንዎ ይተኙ። ማታ አልኮል ይቅርብዎ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ። ሁለቱም ጉሮሮውን ይበልጥ ያላሉታል።