«አንድ አጭር ጭውውት ሥሩልን» ከተባለ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ስልኩ የሚደወለው ሁልጊዜ ሐሙስ ነው። ፕሮግራሙ ቅዳሜ።

«አንድ አስራ አምስት ደቂቃ የምትሆን ጭውውት ትሠሩልናላችሁ? አስቂኝ ትሁን። መጨረሻ ላይ ግን መልእክቷ ግልጽ ይሁን።»

ባነሩ ታትሟል። ካናቴራው ታድሏል። ሞንታርቦው ተከራይቷል። የቀረው ጭውውት ብቻ ነው።

እኔ በየሰፈሩ እየዞርኩ የተሳትፎ ቴአትር መሥራት ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። ተመልካቹ ትዕይንቱን አቋርጦ ገብቶ የሚጫወትበት ዓይነት ቴአትር ነው። አሁን ደግሞ «ማኅበራዊ ፈጠራ» የሚል ስም መጥቷል። ነዋሪው፣ እድሩ፣ ወረዳውና ባለሙያው አንድ ላይ ተቀምጠው ለአንድ የጋራ ችግር አዲስ መላ ይፈልጉ ማለት ነው። ስሙ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ነገሩን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ከያኒው የሚጠራው ያ መላ ቢሮ ውስጥ ካለቀ በኋላ ነው። ሰሞኑን ያ ስልክ እንደገና ተደወለና ይሄን ጻፍኩ።

ለ«ግንዛቤ ማስጨበጫ» መጠራት

ይሄን ቃል ከመዝገበ ቃላት ብሰርዘው ደስ ይለኛል። ማስጨበጥ ካለ አንዱ የያዘው ነገር አለ፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው ማለት ነው። ባዶ እጁን ነው የተባለው ደግሞ ሁልጊዜ የሰፈሩ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ ስለ እጅ መታጠብ ጭውውት ይዘን አንድ ግቢ ገባን። አስራ ሁለት አባወራ በአንድ የጋራ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት ግቢ ነው። ጭውውታችን ውስጥ አንድ ዝርክርክ ሰውዬ አለ። እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ሐኪሟ ትመክረዋለች፣ ይታጠባል። ጭብጨባ። ሰዉ ሳቀልን፣ እኛም ደስ አለን። ከዚያ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ።

«ልጄ፣ መታጠቡንስ እናውቃለን። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ለኛ የሳቁት ለካ ለይሉኝታ ነበር።

የሽንት ቤቱ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። የያዙት ሰውዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ የመጣበት ሰው፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ዕጣው ፌስታል ነው። ለምን አንድ ቁልፍ ብቻ? ጉድጓዱ ሲሞላ ለመጣጭ መኪና ያላዋጡ አሉ፣ እነሱ እንዳይገቡ ነው። ለምን አላዋጡም? ተከራይ ናቸው፣ «አከራዬ ይክፈል» ይላሉ። አከራዩ ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። እኛ ሳሙና ይዘን ሄደናል።

በሳምንቱ ጭውውቱን ቤት ጥለን ቁልፍ ይዘን ተመለስን። በቀይ ክር የታሰረ እውነተኛ ቁልፍ። ትዕይንቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሌሊት ነው። አንዲት ልጅ ሆዷን ይዛ በር ታንኳኳለች። ውስጥ ያለው ሰውዬ አይነሳም። እዚህ ላይ አቆምንና «ምን ይደረግ?» ብለን ጠየቅን።

አንዱ ጎረምሳ ወጥቶ በሩን በእርግጫ አለው። «ጎበዝ፣ ነገ አንተ ታሠራዋለህ» አሉት እኚያው እናት። ሌላዋ ወጥታ ቁልፉን አስቀርጻ ለሁሉም ልታድል ጀመረች። ያዋጡት አጉረመረሙ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ማንም ሳይጠራቸው ቁልፉን የሚይዙት ሰውዬ ራሳቸው ተነሱ። የልጅቷን ቦታ ያዙና በሩን አንኳኩ። ደጋግመው አንኳኩ። ቆይተው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«እኔ እኮ ጆሮዬ ደክሟል። ሰምቼ ዝም ብዬ አይደለም።»

ያን ሁሉ ዓመት አንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ይሄን አያውቁም ነበር። በክፋት ነበር የያዙባቸው። የእድሩ ጸሐፊ እዚያው ተቀምጠው ስለነበር ማስታወሻ ያዙ። በወሩ ቁልፉ አምስት ሆነ፣ ተከራዮቹም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ጀመሩ። አከራዮቹ እስከ ዛሬ አልከፈሉም።

እስቲ ይሄን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማን ይጽፈዋል?

ደግሞ ለኛ አገር ሰው ይሄ አሠራር ባዕድ አይደለም። ድሮ ዛፍ ሥር ሙግት ሲገጠም ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» እያለ ቃሉን አሳምሮ ነበር የሚከራከረው፣ ዙሪያውን የቆመውም ሰው ያደምጥ፣ ይፈርድ ነበር። አዝማሪ ቤት ደግሞ ግጥም የሚወረውረው ተመልካቹ ነው። «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል። በዚህ አገር መድረኩን የያዘ ሰው ተቀባይ ነበር። አስጨባጭ የሆነው ማይክ ሲይዝ ነው መሰለኝ።

«ከዚያስ ማታ የት ታድራለች?»

ይሄኛውን ስህተት እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት። ለቤት ሠራተኞች አንድ ትዕይንት ጻፍኩ። አሠሪዋ የአራት ወር ደሞዝ ይዛባታለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማ «ሥራዬን ሠርቻለሁ፣ ደሞዜን ስጪኝ» ትላለች። ሙዚቃ ይገባል። ስጽፈው ዕንባዬ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰብስበው አዩት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ አስራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እጇን አወጣች።

«ከዚያስ ማታ የት ታድራለች?»

ዝም አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

በኋላ ስሰማ ይሄ ነገር የደረሰብኝ እኔ ብቻ አይደለሁም። ይሄን የቴአትር ዓይነት የጀመረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በወጣትነቱ ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ «ለመሬታችን ደማችንን እናፍስ» የሚል ቴአትር አሳየ። ቪርጂሊዮ የሚባል ገበሬ በጣም ተነካ። በሉ እንግዲያው ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን መሬታችንን እናስመልስ አላቸው። ጠመንጃው የመድረክ ዕቃ ነው አሉት። ችግር የለም፣ እኛ ጋ እውነተኛው አለ አለ። እኛ ተዋንያን ነን አሉ። ገበሬው ያኔ ገባው፤ ይፍሰስ ያሉት ደም የነሱ ሳይሆን የሱ ነው። ቦአል ከዚያ በኋላ ለማንም መድኃኒት ማዘዝ ተወ።

የኛን ትዕይንት ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት። በነሱ መጨረሻ ልጅቷ አትጮህም። መጀመሪያ የአገሯን ልጅ ፈልጋ ሁለት ሳምንት የምታድርበት ታመቻቻለች። ልብሷን በፌስታል በፌስታል ታሸሻለች። ደሞዟን የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በተሰበሰበበት ሰዓት። እኔ መቶ ዓመት ብጽፍ ይሄ አይመጣልኝም።

አሁን ለጀማሪዎች የምላቸው አንድ ነገር ነው። ገጸ ባሕሪህ ደፋር ነገር ከተናገረ የማግስቱን ጠዋትም ጻፍ።

ክፉ አባትና ጎበዝ ሐኪም

አባትየው ሰካራም፣ እናትየዋ አልቃሻ፣ ልጅቷ አንደኛ የምትወጣ፣ ሐኪሟ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሁሉን የምታውቅ። ስንቱን አየሁ! ሰካራም አባት እንዲህ ያለውን ድራማ አይቶ «እኔን ነው» አይልም። ጎረቤቱን ነው የሚያስበው።

ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለትምህርታዊ የቴሌቪዥን ድራማ የቀየሰው ዘዴ ሦስት ዓይነት ሰው ነበረው፤ ጥሩው፣ መጥፎውና መሐል ላይ የሚዋልለው። ድራማውን የሚሸከመው ሦስተኛው ነው። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ተመልካች ራሱን የሚያይበት እሱን ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራው የኛው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተላልፏል። ይሄ ሁሉ የሆነው ሰው ቶሎ ስለማይለወጥ ነው። እናንተ ሰካራሙን በአስራ አምስት ደቂቃ ንስሐ አስገባልን ትሉኛላችሁ።

እንግዶችን ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ

ኃላፊው ለስላሳ ይዘው ፊት ከተቀመጡ ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላል። ይምጡ፣ ግን ሰው መሐል ይቀመጡ። አይሆንም ካሉ ሌላ ቀን ለብቻቸው እናሳያቸዋለን።

መልሱን ማን እንደሚረከብ ሳያውቁ መጠየቅ

ሰዉን አነሳስተህ፣ ሐሳብ አውጥተህ፣ ከዚያ ሞንታርቦህን ጭነህ ትሄዳለህ። ሁለተኛ ስትመጣ ማንም አይወጣልህም። እውነታቸውን ነው።

ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። የቴአትር ሰዎቹን ይዞ ነው የገባው። በየሰፈሩ ትዕይንት ይታያል፣ ነዋሪው ገብቶ ይጫወታል፣ የወጣው ሐሳብ በሕግ ባለሙያ ተጽፎ ምክር ቤት ይቀርባል። በዚህ መንገድ 13 ሕጎች ጸድቀዋል። አንዱ የከተማዋ ሆስፒታሎች የአረጋውያን ሐኪም እንዲኖራቸው የሚያዝ ነው።

እኛ ምክር ቤት ወንበር የለንም። እድር ግን አለን። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት ይሄን ሐሳብ ማን ይረከበኛል? የእድሩ ጸሐፊ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ? የጋራ መኖሪያ ቤቱ ኮሚቴ? «ባለድርሻ አካላት» ከተባልኩ አልጀምርም። የሰው ስም ነው የምፈልገው።

ዝምታን መፍራት

ይሄ ለልጆቻችን ነው፣ ትዕይንቱንና ተመልካቹን ለምታገናኙት፣ ጆከር ለምትባሉት። «ምን ይደረግ?» ብላችሁ ትጠይቁና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ። አውቃለሁ፣ ዝምታው ያስፈራል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እጄ ያልበኝ ነበር። ጠብቁ። በሆዳችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። በኛ አገር ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎስማል፣ «አንቺ ተናገሪ፣ አንተ ተናገር» ይባባላል። ጎሰማው ሲጀምር መልሱ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ አፈ ጉባኤ ነው። አመስግኑትና ሌላ ጠብቁ። ሦስተኛው ሰው ነው ቁም ነገሩን የሚያመጣው።

ባጭሩ ላልፋቸው የምፈልጋቸው

የሰፈር ሰው ስም ገጸ ባሕሪ ላይ አታውጡ፣ በአጋጣሚ እንኳ ቢሆን። አንድ ጊዜ ረስተን አውጥተን ሽማግሌ ተልኮብናል። ካሜራ ከመጀመሪያው ቀን አይምጣ። ሪፖርት ላይ «450 ሰው ተደራሽ ሆኗል» ብላችሁ ስትጽፉ ስንቱ በሞንታርቦው ተስቦ የመጣ ሕፃን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ግድግዳ ላይ ሥዕል ስትሥሉ የግድግዳውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ የሚውለውን ሊስትሮ ጠይቁት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያየው እሱ ነው።

ክፍያ። ለአዳራሹ፣ ለምሳው፣ ለባነሩ በጀት ይኖርና ተዋናዩ ጋ ሲደርስ «ለማኅበረሰብ አገልግሎት ነው» ይባላል። ተዋናዩም እኮ የማኅበረሰቡ አባል ነው፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ሥልጠና። የሦስት ቀን ወርክሾፕ ሰጥቶ፣ ሰርተፊኬት አድሎ «የማኅበረሰብ ከያንያንን አፈራን» ማለት ነውር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳናና ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች የተሰባሰቡበት «አዱኛ» የማኅበረሰብ የዳንስ ቴአትር ልጆቹን ያሠለጠነው አምስት ዓመት ነው። እነዚያ ልጆች በኋላ ራሳቸው አሠልጣኝ ሆነው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ሳይቀር አስደንሰዋል። አምስት ዓመት የሚከፍል ለጋሽ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ሦስት ቀን መሆኑን ሪፖርቱ ላይ እንመን።

ባለፈው ሐሙስ ለደወለልኝ ልጅ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ እንዲህ አልኩት። «ቅዳሜ ጭውውት አልሠራም። ቅዳሜ ግን ልምጣ፣ ቡና የሚያፈሉበት ቤት ልቀመጥና ስለ ምን እንደሚጨቃጨቁ ልስማ። ከወር በኋላ አንድ ነገር ይኖረናል።»

ትንሽ አሰበ።

«እሺ ጋሼ» አለኝ። «ባነሩስ?»