ስክሪን የተገጠመለት ዳሽቦርድ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ባሕር ዳር ውስጥ ዳሽቦርድ እየቀረጽኩ ስክሪን መግጠም ከጀመርኩ ወዲህ ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የተገጠመ ስክሪን «ተበላሸብኝ» የሚሉ ናቸው። ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ በሌላ ባትሪ ስሞክረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንከን ይሠራል። ችግሩ ያለው ከጀርባው ነው፤ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መስመር) ላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመጣለት መስመር ላይ፣ ወይም ስክሪኑን በያዘው ፍሬም ላይ። ስለዚህ አዲስ ስክሪን ለመግዛት ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) እና አንድ ካቻቪቴ ይዛችሁ ግማሽ ቀን ስጡት።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ኤርባግ። በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ያለበትን የዳሽቦርድ ክፍል በፋይበርም ሆነ በቆዳ አትሸፍኑ። ግጭት ሲደርስ ኤርባጉ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ወጥቶ መነፋት ያለበት በዚያ በኩል ነው፤ የሸፈናችሁበት ነገር ተሰባብሮ ተሳፋሪው ፊት ላይ ይወረወራል። ዳሽቦርዱን ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቢጫ የሆኑትን የኤርባግ ሶኬቶች በቴስተር አትንኩ። ይህን አልቀበልም ያለ ደንበኛ ሲመጣ ሥራውን እመልሳለሁ።

«ሞተር ሳስነሳ ይጠፋል»

ይህ ብቻውን ችግር አይደለም። ቁልፉ ወደ ማስነሻው ሲዞር መኪናው ጉልበቱን ሁሉ ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖ ለመስጠት የኤሲሲ መስመሩን (ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘውን) ለአፍታ ይቆርጣል፤ 12.6 አካባቢ የነበረው የባትሪ ቮልቴጅም ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። ስክሪኑ ጠፍቶ ወዲያው ወደነበረበት ከተመለሰ ተዉት። ሥራ የሚፈልገው እንደ አዲስ ስልክ ከአርማው ጀምሮ እየተንቀራፈፈ ሲነሳ፣ ሰዓቱ ሲዛባና የያዛችኋቸው የሬዲዮ ጣቢያዎች ሲጠፉ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ ከሚወጡት ገመዶች ሦስቱን ለዩ። ቢጫው ቁልፉ ኖረም አልኖረም 12 ቮልት ማግኘት አለበት፤ ስክሪኑ ያስቀመጣችሁለትን ነገር የሚይዘው በእሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚመጣበት የኤሲሲ ገመድ ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው። ቁልፉን አውጥታችሁ ቢጫውን ለኩ። ምንም ከሌለው ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ወይ የገጠመው ሰው ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ቋጥሮ ከኤሲሲው ጋር አስሯቸዋል። ለዩአቸው፤ ቢጫውን ቁልፍ ከማይቆርጠው መስመር አገናኙ፤ በመሃል ስክሪኑ የሚጠይቀውን፣ ብዙ ጊዜ የ10 ወይም የ15 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። በመኪናው በኩል ያሉትን ገመዶች ግን በቀለማቸው አትመኑ። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች፣ ለምሳሌ በፎልክስዋገን፣ የቋሚውና የኤሲሲው ቦታ ተቀያይሮ ይገኛል። ለኩ እንጂ አትገምቱ።

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ገመዱ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል ማለት ነው። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ይቀልጣል፤ ከአስፋልት ወጥታችሁ የጠጠር መንገድ ስትገቡ ደግሞ ንዝረቱ ቀሪውን ይጨርሰዋል። በስታኞ በየዱና በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሱት።

ቀጥሎ ማሳውን ፈትሹ፤ ብዙ ሠራተኛ የሚዘለው ይህን ነው። ስክሪኑ፣ የፊት መብራቱና ቬንቶላው (ማራገቢያው) በርተው ሳለ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በስክሪኑ ጥቁር ገመድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ድረስ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ካነበባችሁ ማሳው ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ፣ አንዳንዴም ፕላስቲክ በያዘ ብሎን ላይ ታስሮ አገኘዋለሁ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁና አጥብቃችሁ እሰሩ።

«ሦስት ቀን ካቆምኩት አይነሳም»

ቢጫውና ቀዩ ከኤሲሲ ጋር የታሰሩበት የፊተኛው ስህተት ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ገመዶች ቁልፍ ከማይቆርጠው መስመር ጋር ሲታሰሩ ስክሪኑ የጠፋ ይመስላል እንጂ አይተኛም። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሦስት ቀን 36ቱን አጣ ማለት ነው። መኪናቸውን ግቢ አቁመው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ሁልጊዜ በዚህ ይጎዳሉ፤ ባትሪ ሻጩም አዲስ ይሸጥላቸዋል።

ለመለካት ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉና በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል አስገቡት። በሮቹን ቆልፋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች ለመተኛት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዚያ ንባቡ ከ0.05 አምፔር በታች መሆን አለበት። ከበለጠ የስክሪኑን ፊውዝ ንቀሉ፤ ንባቡ ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ቴስተሩ በመሃል እያለ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ያቃጥለዋል።

«በአይሱዙ ላይ አስገጠምኩት»

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው ስለሚከስርበት ነው። ከቡሬ በቆሎ ጭነው የመጡ አንድ ሹፌር ወደ ጋራዡ ገቡ።

«ልጄ፣ ስክሪኑስ ይሠራል። ባትሪ ግን ገዝቼ ገዝቼ ሰለቸኝ።»

«ጋሼ፣ መስመሩን ከየትኛው ባትሪ ነው የሳቡልዎ?»

«ከአንደኛው ነዋ። 12 ነው የሚፈልገው አለኝ ሠራተኛው።»

ሠራተኛው ስለ ስክሪኑ አልተሳሳተም። የእሳቸው መኪና ግን ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው 24 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ስክሪኑን በቀጥታ 24 ላይ ብታስሩት ይቃጠላል። ከአንዱ ባትሪ ብቻ ስትስቡ ደግሞ ያ ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው ጓደኛው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ይደርቃል። አንዱ በረሃብ፣ ሌላው በጥጋብ ይሞታል። መፍትሄው ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው፤ ስክሪኑ ድምፅ ማጉያዎቹንም የሚያንቀሳቅስ ከሆነ 15 አምፔር የሚችለውን ግዙ። ኮንቨርተሩ ራሱ ስለሚሞቅ ምንጣፍ ሥር አትቅበሩት።

«ዓባይ በረሃ ስወርድ ይጠቁራል»

ከደጀን ወደ ህዳሴ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ጃኬት ለብሶ የተነሳ ሰው እዚያ ሲደርስ መስኮት ይከፍታል። ስክሪኑ ግን የሚከፍተው መስኮት የለውም። ንኪው (በጣት ስትነኩት የሚሰጠው ምላሽ) ከዘገየ ወይም ካርታው ከቆመ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ሞቆ ራሱን እያዘገየ ነው። መስታወቱ ላይ ጥቁር ጥላ ከወጣና ሲቀዘቅዝ ከጠፋ ፓነሉ ከሚችለው በላይ ሞቋል።

ፋብሪካው የሠራው ዳሽቦርድ ከቴፑ ጀርባ ክፍት ቦታ አለው። እኛ በፋይበር ስንቀርጽ ውበት እንፈልግና ዙሪያውን እንደፍነዋለን። ከስክሪኑ ጀርባ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ አውጡ፤ ካልበቃ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ቬንቶላ ከኤሲሲ መስመር ጋር እሰሩ። የሞቀ አየር የሚያመጣው ቱቦም ተቀዶ ወደ ስክሪኑ እየነፈሰ እንዳይሆን እዩ። ስክሪኑን በሙቅ ሙጫ ያጣበቃችሁ ከሆነ ደግሞ ፍቱት። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ሙቀት ሙቅ ሙጫ ይለሰልሳል፣ ስክሪኑም ያዘነብላል። መያዝ ያለበት በብረት ማቀፊያ፣ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የብሎን ቀዳዳ ላይ ነው።

ፋይበሩ ሲሰነጠቅ፣ እንጨቱ ሲያብጥ፣ ንኪው ሲያብድ

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ዳሽቦርዱ ራሱ በፋይበር የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ስትቀርጹ የሌላውን ሰው ስህተትም እየወረሳችሁ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ከጀርባው በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ንብርብሩ የተላቀቀበት ነው። እዚያ ላይ አዲስ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያደነድነው ፈሳሽ) ቢፈስበት ከሥሩ ጋር አይያያዝም።

ስንጥቅ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ወር እንደተሠራ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። አንድ ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ላይ ለኮሮላ ፍሬም ስሠራ ሬዚኑ እስከ ማታ አልደርቅ አለኝ። ባለቤቱ መንገድ ሊወጣ ይጠብቃል፤ ማድረቂያውን ጨመርኩበት። ደረቀ። ከሁለት ወር በኋላ ከስክሪኑ ማዕዘን የጀመረ ስንጥቅ እስከ አየር መውጫው ደርሶ መጣ። ለፖሊስተር ሬዚን ማድረቂያው ከ100 እጅ ከ1 እስከ 2 እጅ ነው። ሲበዛ በፍጥነት ይሞቃል፣ ይኮማተራል፣ ተሰባሪ ይሆናል። ቅዝቃዜ ካለ መጨመር ያለበት ሙቀት ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ሬዚኑም ከመቀላቀሉ በፊት እዚያው ይደር። የተሰነጠቀውን በስቱኮ ብቻ አትሸፍኑት፤ በወር ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ስንጥቁን እንደ ቦይ ከፍታችሁ ከጀርባ ሁለት ንብርብር ፋይበር ጣሉበት። የፍሬሙ ውስጣዊ ማዕዘንም ስለታም ሳይሆን ክብ ይሁን፤ ስንጥቅ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከስለታም ማዕዘን ነው።

ለፍሬሙ መሠረት ኮምፔንሳቶ የተጠቀመ ሰው ክረምት ሲገባ ጥርጥር የሚያስገባ ነገር ያያል፦ በጋ ላይ ልክ የነበረው ፍሬም አብጦ ይጠብባል፣ ይንጫጫል። የጣና ዳርቻ እርጥበት ባልተሸፈነው የእንጨቱ ጠርዝ በኩል ገብቷል። ከመግጠማችሁ በፊት ሁሉንም ጎን፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝና የብሎን ቀዳዳውን፣ ሬዚን ቀቡት። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ በሚነካካበት ቦታ ጨርቅ መሰል ቀጭን ማጣበቂያ ለጥፉ፤ ጩኸቱ ያን ጊዜ ያቆማል።

ያ ያበጠ ፍሬም ነው ሌላውንም ችግር የሚያመጣው። «ማንም ሳይነካው ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል» የሚሉኝ ሰዎች ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አስቀይረው ነው የሚመጡት። ፍሬሙን አውልቃችሁ ሞክሩ። ስክሪኑ ጸጥ ካለ ፍሬሙ የንኪውን ጠርዝ እየተጫነው ነበር። ዙሪያውን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ፍቁለትና ለስላሳ ስፖንጅ አኑሩ።

የቀሩት

ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከድምፅ ማጉያው ከተሰማ፣ የስክሪኑንና የአምፕሊፋየሩን ማሳ አንድ ነጥብ ላይ እሰሩ፤ የድምፁን ገመድ በአንድ ጎን፣ የባትሪውን ገመድ በሌላው ጎን አሳልፉ።

ጂፒኤስ ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም የሚባለው ልክ አይደለም። ቦታችሁን የሚነግረው ሳተላይት ነው፤ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው። ከቤት ሳትወጡ የጎጃምን ካርታ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ቦታውን ጭራሽ ካላገኘ አንቴናውን ብረት ሥር ቀብራችሁታል፤ ወደ ፊት መስታወቱ አውጡት።

የኋላ ካሜራው ማርሹን ወደ ኋላ ስታስገቡ ካልበራ፣ የኋላው ነጭ መብራት መስመር 12 ቮልት ወደ ስክሪኑ መድረሱን ለኩ፤ አምፖሉ ራሱ የማይበራ ከሆነ ችግሩ ከዚያ ነው።

ሬዲዮው ጣቢያ አልይዝ ካለ ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ በሴቲንጉ ውስጥ የሬዲዮው አካባቢ ጃፓን ላይ ተቀምጦ እንዳይሆን፤ የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ጀምሮ 90 ዎቹ አጋማሽ ላይ ያበቃል፣ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው ብዙዎች የማያስቡት ነው። ከጃፓን በመጣው የቀድሞ ቴፕ ጊዜ አንቴናው ላይ ትንሽ ሣጥን መሰል ባንድ መቀየሪያ ገጥመውበት ከነበረና አሁንም እዚያው ካለ፣ 96.9 የሚመጣውን ወደ 76.9 አካባቢ አውርዶ ይሰጠዋል፤ አዲሱ ስክሪን ግን ከ87.5 በታች አይፈልግም። ሣጥኑን አውጡ፣ አንቴናውን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ሰኩት፣ ሰማያዊው የአንቴና ገመድ 12 ቮልት እንዳለው አረጋግጡና እንደገና ፈልጉ።