«ምግብ አይፈጭልኝም» ከማለታችሁ በፊት ሰዓት እዩ

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ዝናቡ ገና አላባራም። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በእጃቸው የኪኒን ፓኬት ይዘዋል። «መምህር፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ምግብ አልፈጭልኝ ብሎ ነው የገዛኋት» አሉኝ።

ፓኬቱ ላይ የኢንዛይም፣ ማለትም ሰውነት ምግብ የሚቆርጥባቸው ፕሮቲኖች፣ ስም ተደርድሯል፦ አሚሌስ (ለስታርች)፣ ሊፔዝ (ለቅባት)፣ ፕሮቲዬዝ (ለፕሮቲን)። አስቀምጫቸው ጠየቅኳቸው። ነገሩ የጀመረው በማቃጠል ነው። አንዲት ወዳጃቸው «ለጨጓራ ወተት ነው» አለቻቸውና ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ጀመሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሆዳቸው ይነፋ፣ ይጮህ፣ አንዳንዴም ያስቀምጣቸው ጀመር። ማቃጠሉም አልለቀቀም። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያ ወደ እኔ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጅማ ውስጥ ግን ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ሰው ስለ ሆዱ ማውራቱ አይቀርም፣ ያ ወሬም ወደ እኔ መዞሩ አይቀርም። የበሉትን ከመጠየቄ በፊት «ከበሉ በስንት ሰዓቱ ነው የሚጀምርዎት?» እላለሁ። ምግብ ከአፍ ተነስቶ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ይወስድበታል፤ በየፌርማታው የሚጠብቀው ኢንዛይም ደግሞ ይለያያል። ሕመሙ የሚመጣበት ሰዓት ምግቡ የት እንደደረሰ ይጠቁማል።

ኢንዛይም ሲሠራ ለማየት

ለተማሪዎቼ የማሳየው በጣም ቀላል ነገር ነው። ትንሽ ስታርች በውሃ በጥብጠን እናፈላና ሲበርድ በሁለት ቴስት ቲዩብ እንከፍለዋለን። አንዱ ላይ አንድ ተማሪ ምራቁን ይጨምርበታል (እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል)። ሁለቱንም ቲዩብ ብብቱ ሥር ይይዛቸዋል። የሰው ኢንዛይም ደህና የሚሠራው በሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ ማሞቂያ ደግሞ ብብት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ አዮዲን ጠብ እናደርጋለን። ምራቅ የሌለበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ምራቅ ያለበት ግን የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል። ስታርቹ ተቆራርጦ ስኳር ሆኗል። ምራቁን ቀድማችሁ ካፈላችሁት አይሠራም፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል።

ላቦራቶሪ ለሌለው፦ አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ሳትውጡ አንድ ሁለት ደቂቃ አላምጡት። ይጣፍጣል። በእንጀራ አትሞክሩት፣ ኮምጣጣነቱ ጣፋጩን ይሸፍነዋል። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ያለ ሙከራም አይታችሁታል። ልጁ በልቶ የተረፈው ገንፎ፣ ማንኪያው ውስጡ ቀርቶ ትንሽ ሲቆይ፣ ውሃ ውሃ ይላል። ገንፎው አልተበላሸም፤ ከማንኪያው ጋር የገባው ምራቅ ሥራውን ቀጥሎ ነው።

ጠላ ጠማቂም ታውቀዋለች። ብቅል የሚገባው ለዚሁ ነው፤ በበቀለው እህል ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጠዋል። በ1833 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓየን እና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንዛይም ለይተው ያወጡትም ከብቅል ነበር።

ከአፍ ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጨጓራ ውስጥ አሲድና ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም አሉ፤ የሥጋና የጥራጥሬ ፕሮቲን መቆረጥ የሚጀምረው እዚያ ነው። ትልቁ ሥራ ግን ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ቆሽት ለስታርችም ለፕሮቲንም ለቅባትም ኢንዛይም ይልካል። ከጉበት የሚመጣው ሐሞት ኢንዛይም አይደለም፤ ቅባቱን እንደ ሳሙና ይበታትነዋል፣ ከዚያ የቆሽቱ ሊፔዝ ይደርስበታል። የመጨረሻዎቹን ስኳሮች የሚቆርጡት ኢንዛይሞች የተተከሉት በራሱ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ይህቺን ግድግዳ ያዙልኝ፤ ወተቱ ጋ ትመጣለች።

«ገና ከማዕድ ሳልነሳ ሆዴ ድንጋይ የዋጠ ይመስላል»

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኢንዛይም እጥረት አይደለም። የቆሽት ኢንዛይም ገና ተራው አልደረሰም። ፈጥኖ መብላት፣ አብዝቶ መብላት፣ ሳያላምጡ መዋጥ፣ ከአየር ጋር መጎረስ ነው። በረመዳን ኢፍጣር ላይ፣ በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ዶሮው ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ኢንዛይም የሚሠራው ምግቡን በነካበት ገጽ ላይ ነው፤ በደንብ ያልታኘከ ሥጋ ላይ የሚደርሰው ውጪውን ብቻ ነው። ቀስ በሉ፣ ትንሽ ቀንሱ። ሳምንታት የቆየ፣ ሁለት ጉርሻ ላይ የሚያጠግብና ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ የሚጨረስ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

«ደረቴ ሥር ያቃጥለኛል፣ ቃር ይለኛል»

የጎረቤቴ የመጀመሪያው ችግር ይኼ ነበር። ብዙ ሰው «ስላልተፈጨልኝ ነው» ይላል። የኢንዛይም ኪኒን እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ወይ አሲዱ ወደ ላይ እየመጣ ነው፣ ወይ የጨጓራው ሽፋን ተጎድቷል። ጨጓራ ራሱን በራሱ የማይፈጨው በወፍራም ንፍጥ የተሸፈነ ስለሆነ ነው። ያንን ሽፋን ከሚያውኩት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ራሱን አሳመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት (ሁለቱም ዓመት እንደ አውሮፓውያን)።

በርበሬና ቡና ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፣ ቁስሉን ግን እነሱ አላመጡትም። ጅማ ላይ ተቀምጬ ቡና ተው ማለት አይቻለኝም፤ ለአቦሉ አንድ ነገር ቅመሱበት ብቻ ነው የምለው። ወተትም እንደሚባለው አይደለም። ለትንሽ ደቂቃ ያበርዳል፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፕሮቲን ጨጓራውን ተጨማሪ አሲድ ያስለቅቀዋል።

መፍትሄው፦ እራት ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ። ማስታገሻ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኦሜፕራዞል (አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) እየዋጡ ቢመረመሩ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ሁለት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፣ እሱንም ሐኪሙን ጠይቃችሁ። ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ያን ቀን ሳይመሽ ሆስፒታል ነው።

«ወተት በጠጣሁ በግማሽ ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት ሆዴ ይጮሃል»

ይህ ግን እውነተኛ የኢንዛይም ጉዳይ ነው። የጎረቤቴም ሁለተኛ ችግር።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 12 ግራም ያህል ይይዛል። የሚቆርጠው ላክቴዝ ነው፣ የሚገኘውም ቅድም ያዙልኝ ባልኳት ግድግዳ ላይ ነው። ሕፃን እያለን ሁላችንም ማለት ይቻላል ሞልቶ ይኖረናል። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል እንዲህ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በወተት በኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን እስከ እርጅና የማይቀንስባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት ሙሉ ጆግ ጠጥቶ ሲስቅ ሌላው ሽንት ቤት ቢሮጥ ተአምር የለውም። በሽታም አይደለም።

ያልተቆረጠው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ውሃ ይስባል፣ ይህ ያስቀምጣል። ባክቴሪያዎቹ ያቦኩታል፣ ይህ ይነፋል።

ለማረጋገጥ ወተትን ሁለት ሳምንት ተዉት። ሆዳችሁ ዝም ካለ፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ብርጭቆ ብቻውን ጠጡና ሰዓት ያዙ። ከተመለሰ፣ አገኛችሁት።

ወተትን ጨርሶ መፍታት ግን አያስፈልግም። ብዙ ሰው ግማሽ ብርጭቆን ከምግብ ጋር ይችለዋል። ጎረቤቴን የጎዳቸው መጠኑና ባዶ ሆዱ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ላክቶሱን አይነካም፤ «አፍልቼው ነው የጠጣሁት» የሚል መከላከያ እዚህ አይሠራም። እርጎ ይሻላል። ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው በልተውታል፣ ከዚያም አንጀት ውስጥ የራሳቸውን ላክቴዝ ይዘው ይገባሉ። አይብም ይሻላል፣ ስኳሩ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ቅቤ ውስጥ የሚቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። ወተት ዕድሜ ልክ ተስማምቶት የኖረ ሰው ድንገት ከተቅማጥ በኋላ እምቢ ካለው፣ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን የአንጀቱን ግድግዳ ልጦበት ይሆናል። ያኔ ሰገራ ተመርምሮ ዋናው በሽታ ይታከማል፤ ላክቴዙ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሕፃን ተቅማጥ ያዘው ብሎ ጡት ማቋረጥ ደግሞ አይደረግም። ወተት በጠጡ ቁጥር የሚያሳክክ፣ ፊት የሚያሳብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ አለርጂ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግማሽ ብርጭቆም አይሞከርም።

«ምሳ ሽሮ በልቼ ማታ ላይ እንደ ከበሮ እነፋለሁ»

ሰዓቱን እዩት፤ አምስት ስድስት ሰዓት አልፏል። ምግቡ ትልቁ አንጀት ደርሷል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነዚህን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሰው አንጀት ጭራሹን አይሠራም። የማንም። ስለዚህ «የእኔ ሆድ ብቻ» አትበሉ፤ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ አገሩ ይነፋል፣ የሚናገረው ጥቂቱ ነው እንጂ።

መፍትሄው ኩሽና ውስጥ ነው። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ስኳሮቹ ከፊላቸው በውሃው ይሄዳሉ። በቆልት ከዚያም ይበልጣል፤ ፍሬው ሲበቅል ራሱ ይበላቸዋል። የባለሙያ ሽሮ ቀለል የሚለው አንዱ ምክንያት ከመታመሱ በፊት መዘፍዘፉ ይመስለኛል። ለሆዳችሁም ጊዜ ስጡት፤ ከፍስክ ወደ ጾም ሲዞር የመጀመሪያው ሳምንት ይከፋል፣ ከዚያ ይለምዳል።

«ሰገራዬ ላይ በቆሎ አየሁ»

የበቆሎ ልጣጭ፣ የቲማቲም ቆዳ፣ የጎመን ጅማት በአብዛኛው ሴሉሎስ የሚባል የዕፅዋት ቃጫ ነው። ሴሉሎስ የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም፤ ላም እንኳ የምትችለው በሆዷ ባሉ ማይክሮቦች ነው። ተረጋጉ፣ በደንብ አላምጡ።

በነገራችን ላይ ጫት የሚቅሙ ወዳጆቼ ሦስት ቀን ሽንት ቤት ሳይሄዱ «አልፈጭልኝ አለ» ይሉኛል። ተፈጭቷል። መውጣት ነው ያቃተው። ጫት ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ውሃ፣ ፓፓያ፣ የጫቱን መጠን መቀነስ።

ፓፓያ ካነሳሁ፦ ጥሬው ውስጥ ፓፔን የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም አለ። ጠንካራ የበሬ ሥጋ ካጋጠማችሁ ጥሬ ፓፓያ ፈቅፍቃችሁ ለግማሽ ሰዓት እሹት፣ ይለሰልሳል። አናናስ ብዙ ሲበሉ ምላስ የሚያቃጥለውም በከፊል ብሮሜሌን የሚባል ዘመዱ ነው። ግን ከምሳ በኋላ የበሰለ ፓፓያ መብላት ለማፍጨት ብዙ አይረዳም፤ ሲበስል ፓፔኑ እጅግ ይቀንሳል።

«ሰገራዬ ነጣ ያለ፣ ቅባታም፣ የሚንሳፈፍ ነው፤ እየከሳሁም ነው»

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ቅባቱ ሳይቆረጥ እያለፈ ነው፤ ወይ ቆሽት ሊፔዝ አልላከም፣ ወይ ሐሞት አልደረሰም፣ ወይ የአንጀቱ ግድግዳ አልቀበልም ብሏል። ለዓመታት ብዙ አልኮል በጠጣ ሰው ላይ ቆሽት ቀስ በቀስ ይጎዳል። ቅባት ከበሉ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚጨመድድ ሕመም ደግሞ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ዓይን ቢጫ ከሆነ አትዘግዩ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ካስፈለገ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልኳችኋል።

የኢንዛይም ኪኒን በእውነት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ቆሽቱ ላልሠራ ሰው ሐኪም መጠኑን ለክቶ ያዝለታል። የሚዋጠው ከምግቡ ጋር ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢዋጥ ምግቡ አምልጦታል። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሲድ እንዳያበላሻቸው ተሸፍነዋል፣ ስለዚህ አይደቀቁም፣ አይታኘኩም።

ጎረቤቴ ወተቱን ትተው ወደ እርጎ ዞሩ። መነፋቱ በሳምንቱ ቆመ። ለማቃጠሉ ተመርምረው ኤች ፓይሎሪ ተገኘባቸው፣ መድኃኒቱን ጨረሱ። ከፓኬቱ የተረፉትን ኪኒኖች «ገንዘቤ ነው፣ እንዳይጣል» ብለው ሰጡኝ። አንዷን ክፍል ውስጥ አድቅቄ በምራቁ ፋንታ ስታርቹ ላይ ጨመርኳት፣ ተማሪው ብብቱ ሥር ያዘው፣ አዮዲን ጠብ አደረግን። ሰማያዊው አልመጣም። ማታ ስነግራቸው «እና ለምን ለእኔ አልሠራም?» አሉኝ። «የእርስዎ ቆሽት ቀድሟት» አልኳቸው።