የዲፈረንሻል ዘይት በቤት ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርሶች ሳጥን) ዘይት መቀየር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁለት ቡሎን ፈትቶ፣ አሮጌውን አፍስሶ፣ አዲሱን መሙላት። መኪናው ካረጀ ግን ቡሎኑ ዝጎ፣ ዘይቱም ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍለውም ያኔ ነው።

ማፍሰሻውን አስቀድሞ መፍታት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ማፍሰሻው ከታች፣ መሙያው ከጎን ወይም ከኋላ ከፍ ብሎ ይገኛል። ዘይቱ ሁሉ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ መሙያውን ያላሉ። ከጠነከረብዎ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ የዝገት ማላቀቂያ ይርጩና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ቁልፉም ልክ ይሁን፦ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች 24 ቁጥር ነው፤ ሌሎቹ ብሩጎላ (ስድስት ማዕዘን) ወይም አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። ስድስት ጠርዝ ያለው ቁልፍ ቡሎኑን ሙሉ ይይዛል፤ አሥራ ሁለት ጠርዝ ያለው ግን በጠነከረ ቡሎን ላይ ጠርዙን ይልጠዋል።

ማፍሰሻ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። በእነሱ ላይ የኋላ ክዳኑ ይፈታል፤ ወይም ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ ይሳባል። መሳቡ ግን ከታች የተኛውን ዝቃጭ ያስቀራል።

በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት

ክሪክ ለማንሳት ነው፤ የሚሸከመው ካቫሌቶ (ከሥር የሚቆም የብረት ድጋፍ) ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ አለ፦ የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ኋላው ከተነሳ ፍሬኑ መኪናውን አያቆመውም፤ የፊት ጎማዎች ታኮ (እንዳይንከባለሉ የሚደገፍ ሽብልቅ) ያስፈልጋቸዋል።

ኋላውን ብቻ አንስቶ መሙላትም የዘይቱን ልክ ያዛባል። ልኩ የሚነበበው በመሙያው ቀዳዳ የታች ጠርዝ ስለሆነ መኪናው ፊትና ኋላው እኩል መሆን አለበት።

ዘይቱን ቀዝቃዛ ሳለ ማፍሰስ

ቀዝቃዛ የጥርስ ዘይት እንደ ማር ነው፤ ቆሻሻውን ከታች ጥሎ ይወጣል። መኪናውን 15 ደቂቃ ያህል ነድተው ወዲያው ያፍስሱ። ጓንት ያድርጉ።

ያገኙትን ዘይት መጨመር

በአብዛኞቹ የኋላ ዲፈረንሻሎች ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ የሚገጥመው ከትልቁ ጥርስ ማዕከል ዝቅ ብሎ ነው። ጥርሶቹ ስለዚህ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ይፋጫሉ፤ ይህ ጫና ተራውን ዘይት ከመሃላቸው ያስወጣዋል። ጂኤል-5 (ከፍተኛ ጫና ለሚችል የጥርስ ዘይት የተሰጠ ደረጃ) የሚል ዘይት የሚፈለገው ለዚህ ነው። ብረቱን የሚጠብቁ የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች አሉበት፤ ያ የሚከረፋው ሽታ የእነሱ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 80ደብልዩ-90 ወይም 75ደብልዩ-90 ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይቀድማል። 90 የሚለው ቁጥር አያስደንግጥዎ፤ የጥርስ ዘይት መለኪያ ከሞተር ዘይት የተለየ ስለሆነ ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙ አይርቅም።

የጎማ መንሸራተትን የሚገድብ ባለፍሪሲዮን (የሚፋጩ ሰሌዳዎች ያሉት) ዲፈረንሻል ከሆነ ለእሱ የተሠራ ዘይት ወይም ተጨማሪ ፈሳሽ ይሻል፤ አለበለዚያ በመታጠፊያ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። የተረፈውን ዘይት ደግሞ ጂኤል-4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ አይጨምሩ፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ይጎዳል። በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች በአብዛኛው ዲፈረንሻላቸው ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም።

ማግኔቱን ሳያዩ መጥረግ

በብዙ መኪኖች የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ማግኔት ነው። ግራጫ ልስልስ ጭቃ ከያዘ የተለመደ መፋጨት ነው። በጣት የሚቆረቁር ስብርባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለበት ግን አዲስ ዘይት አያድነውም፤ ዲፈረንሻሉ መፈታት አለበት። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ይናገራል።

አሮጌውን ሮንዴላ መመለስ

የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ በደንብ አይዘጋም፤ ያንጠባጥባል። ሰው ይህን ለማቆም ቡሎኑን ከልክ በላይ ያጠብቅና ጥርሱን ይበላዋል። አዲስ ሮንዴላ ያድርጉ፤ የማጥበቂያው ኃይል ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው መመሪያው ላይ አለ።

በሊትር ቆጥሮ መዝጋት

እንደ መኪናው ከ1 እስከ 3 ሊትር ይገባል፤ ትልልቆቹ ከዚያም ይበልጣሉ። የሚወስነው ግን ቀዳዳው ነው። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይተው በእጅ ፓምፕና በቱቦ ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ዘይቱ ከጠርዙ መፍሰስ ሲጀምር ያቁሙ፣ ትርፉ ወጥቶ ጠብታው ሲያቆም ይዝጉ። ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) በኩልም ወደ ፍሬኑ ሊወጣ ይችላል።

መተንፈሻውን መርሳት

ከዲፈረንሻሉ አናት ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ በጭቃ ተደፍናለች። አየሩ ሲሞቅ መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲሎቹ በኩል ይገፋዋል። ሲል ቀይረውም ማንጠባጠቡ ካላቆመ ጥፋቱ የእሷ ሊሆን ስለሚችል ቱቦውን በአየር ይንፉ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሲቀዘቅዝ ልኩን እንደገና ይዩ። የኋላ ጎማዎችን የውስጥ ገጽም ይመልከቱ፤ እዚያ ጥርስ ዘይት የሚሸት እርጥበት ካለ የአክስሉ ሲል አርጅቷል፣ ሲሉም የፍሬን ሸራውም ሳይታዩ መኪናው መንገድ አይውጣ።